ክምሩ ባለቤቱን ሲጠብቅ

እናቴ ስስታም ነበረች። ማንም አልነገረኝም፤ በገዛ ዓይኔ አይቼ የደረስኩበት ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ዓይን እንደሆነ ሁሉን ያያል፣ አንዱንም አያውቅም።

እስቲ ፍረዱ። ከቤታችን ጎን፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ የእኔን ቁመት ሁለት ጊዜ የሚያህል የማገዶ ክምር ቆሟል። በጋውን ሙሉ ፀሐይና ንፋስ ሲመታው የከረመ፣ ጫፍ ጫፉ እንደ ገበሬ ተረከዝ የተሰነጣጠቀ፣ ሁለቱን ፍልጥ ብታጋጨው እንደ ደወል የሚጮህ የኡልሞ እንጨት። እኛ ደግሞ ከግድግዳው ወዲህ፣ ባሕር የተፋውን እርጥብ ጉማጅ እያጨስን፣ ዓይናችን ቀልቶ፣ ጥርሳችን እየተንገጫገጨ እንቀመጣለን። ግድግዳው ሳንቃ ነው፤ ውፍረቱ አንድ ጣት አይሞላም። ከአንድ ጣት ማዶ ሙቀት ከምሮ በብርድ መሞት፣ ከዚህ የባሰ ስስት ካለ ንገሩኝ።

«እማዬ፣ አንዲት ፍልጥ ብቻ።»

«አይሆንም።»

«ትንሿን።»

«ዶሚቲላ፣ ክምሩ የአባትሽ ነው። የዘጋው ይከፍተዋል። አሁን አፍሽን ለወሬ ሳይሆን ለእሳቱ ተጠቀሚበት፤ እፍ በይ።»

እፍ እላለሁ። አመዱ ፊቴ ላይ ይበናል። እሳቱ ግን እንደ ታመመ ሰው ዓይኑን ገለጥ አድርጎ መልሶ ይከድናል።

በእኛ ደሴት በቺሎዌ ወንድ ማለት ግማሽ ዓመት ያለ፣ ግማሽ ዓመት የሌለ ነገር ነው። መስከረም ላይ መርከብ ይሳፈርና ወደ ደቡብ፣ ወደ ፓታጎንያ የበግ እርሻዎች ይወርዳል። ሲሸልትና ሲያርድ ከርሞ ሚያዝያ ላይ፣ ዝናቡ ሳይከፋ ይመለሳል። ታዲያ የክረምቱን ማገዶ ፈልጦ ከምሮ ነው የሚሄደው። ሳይከምር የሄደ ወንድ ስሙ በደህና አይነሳም፤ ሚስቱም ቀና ብላ ቤተ ክርስቲያን አትገባም።

አባቴ አርሴንዮ ሲከምር አጠገቡ ነበርኩ። እኔ አቀብላለሁ፣ እሱ ይደረድራል። ገና የተፈለጠ እንጨት እንደ ጎምዛዛ ፖም ይሸታል፤ ከብዶ እጅን ያወርዳል፣ መዳፍ ላይ ውሃውን ይተዋል።

«ቅርፊቱን ወደ ሰማይ፣ ዶሚ። እንጨት ዝናብ የሚጠጣው በሆዱ ነው እንጂ በጀርባው አይደለም።»

«ለምን አታጠጋጋውም አባዬ?»

«ንፋስም እንግዳ ነው፣ መግቢያ ይፈልጋል። እጅሽ የሚገባበት ክፍተት ተዪለት። ክርንሽ ከገባ ግን ክምር መሆኑ ቀርቶ ወንፊት ሆነ።»

እናቴ በመስኮት አንገቷን ታወጣለች። «ወሬህን ቀንስና ከምር። መርከቡ አንተን ብሎ አይቆምም።»

«መርከቡ ባይጠብቀኝ አንቺ ትጠብቂኛለሽ።»

«እንጃልህ። መጀመሪያ ክምሩን ልየው።»

ሁለቱም ይስቃሉ። ምን እንደሚያስቃቸው አይገባኝም፤ ቢሆንም አብሬ እስቃለሁ።

በመጨረሻ አባቴ አንድ ወፍራም የሉማ ግንድ አምጥቶ ወደ ባሕሩ በሚያየው በኩል፣ ደረቱ በሚደርስበት ከፍታ አጋደመው። የክምሩ አፍ ይባላል። ያ ግንድ ሳይወጣ ከክምሩ አንዲት ፍልጥ ብትመዘዝ ፊቱ ይዛባል፣ በባሕሩ ዳር የሚያልፍ ሁሉ ያውቃል። አፉን የዘጋ ሰው ከሄደበት ተመልሶ በእጁ ይከፍተዋል። ምድጃው በደረቅ እንጨት ሲነድ ከጭስ ማውጫው ቀጭን ነጭ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ የወሽመጡ ሰው ከማዶ ያንን አይቶ «እገሌ ገባ» ይልና የፖም ጠጁንና የድንች ቂጣውን ይዞ ይመጣል። እስከዚያ ሚስት የአምናውን ትርፍ ታነዳለች፣ እሱ ሲያልቅ ባሕር ዳር የለቀመችውን። የእሷ ጭስ ጥቁርና ወፍራም ነው። ጥቁር ጭስ «ባሌ መንገድ ላይ ነው» ማለት ነው።

ዛሬ ልጄ ቤት ያለው ጋዝ ነው። ቁልፉን ታዞራለህ፣ ሰማያዊ እሳት ብቅ ይላል፤ ጭስ የለው፣ ሽታ የለው። ጎረቤት ይሙት ይኑር በምን ይታወቃል? ይህን ስላቸው የልጅ ልጆቼ ይስቃሉ። ይሳቁ።

ሚያዝያ ላይ መርከቡ መጣ። ወንዶቹ ጆንያቸውን ተሸክመው ወረዱ፤ የእኛው የለም። በማግስቱ ሳንቶስ፣ ከአባቴ ጋር አንድ እርሻ ላይ የሚሠራው ሰው፣ በባሕሩ ዳር ብቻውን ወደ ቤታችን መጣ። ዝናብ እየዘነበ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። በዝናብ ባርኔጣ የሚያወልቅ ሰው አይቼ ስለማላውቅ ሳቄ መጣ። እናቴ ገና ከሩቅ ስታየው የድንች ቅርጫቷን አስቀምጣ ወደ ክምሩ ጀርባ ወሰደችው። እኔም ከወዲህ በኩል ዞሬ አባቴ ለንፋስ በተወው ክፍተት ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ።

ቃላቸው በእንጨቱ መሐል ተንጠባጥቦ ነው የሚደርሰኝ። «ወንዙ ሞልቶ ነበር» አለ ሳንቶስ። ከዚያ የማልሰማው ነገር። ከዚያ «ፈረሱ በሰላም ተሻገረ።» ከዚያ የዝናቡ ድምፅ ብቻ። ቀጥላ እናቴ፣ የሌላ ሴት በሚመስል ድምፅ፣ «ማን ያውቃል?» አለች።

«እኔና አንቺ። እዚያ እርሻ ላይ የአገራችን ሰው ሌላ አልነበረም።»

«እስከ ሰኔ ድረስ፣ ሳንቶስ።»

«እስከ ሰኔ አፌን አልከፍትም። በእናቴ አጥንት።»

ሊሄድ ሲል ከጆንያው የአባቴን ፖንቾ፣ በራስ የሚጠለቀውን የሱፍ ካባውን፣ አውጥቶ ሰጣት።

እኔ ቁጭ ብዬ ገጣጠምኩት። አባቴ ፈረስ ገዝቷል። ፈረስ መርከብ ስለማይገባ በየብስ እያዘገመ ነው፤ ወንዙንም አሻግሮታል፤ ለሰኔ ይደርሳል። ነገሩ ምስጢር የሆነው እኔን ሊያስደንቁኝ ነው። ፖንቾውን አስቀድሞ የላከው ሸክም ሊያቀል ነው። እንዲህ ያለ ብልህ ልጅ ነበርኩ።

እናቴ ያን ቀን ፖንቾውን አጠበችው። ሳይደርቅ አውርዳ እንደገና አጠበችው። ንጹሕ ነበር እኮ።

ከዚያ ወዲህ ወደ ክምሩ እየሄደች ግንባሯን እንጨቱ ላይ አስደግፋ መቆም ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«መድረቁን እያየሁ።»

እኔም አጠገቧ ቆሜ ግንባሬን አስደግፋለሁ። ፀሐይ ብልጭ ስትል እንጨቱ ውስጥ ለውስጥ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ቅርፊቱ ሲላቀቅ። «ደርቋል እማዬ» እላታለሁ። «ገና ነው» ትላለች ፊቷን ሳታዞር። በግንቦት። በግንቦት የበጋ እንጨት ደረቀ አልደረቀ ተብሎ አይታይም፤ ከደረቀ ቆይቷል። ይህንን ለማወቅ ግን ትልቅ ሰው መሆን፣ ባል መጠበቅና ራስም ክምር ላይ ግንባርን ማስደገፍ ያስፈልጋል።

አሁን የአገሩን ሕግ ልንገራችሁ፤ እኔ ያኔ አላውቀውም ነበር። ከፓታጎንያ ሬሳ አይመጣም፤ መቃብርም የለም። ስለዚህ የወሽመጡ ሰው የወንድን ሞት የሚቆጥረው ክምሩ ከተከፈተበት ሰዓት ጀምሮ ነው፤ ባለቤቱ ሳይመጣ አፉ ከተከፈተ ባለቤቱ ሞቷል ማለት ነው። እስከዚያ ሰዓት የተወለደ ወንድ ልጅ ካለ ቤቱ የልጁ ነው። ከሌለ ቤቱና መሬቱ ለሟች ታላቅ ወንድም ይገባል፤ ሚስት ሴት ልጇን ይዛ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች። ሴት ልጅ እኔ ነኝ። አልቆጠርም ነበር። በሆድ ያለም አይቆጠርም።

እናቴ እርጉዝ ነበረች። ልጁ ወንድ ሆኖ እስኪወለድ ጥቁር ጭስ እያጨሰች ባሏን በሕይወት ማቆየት ነበረባት።

እኔ ግን ያየሁት ሆድ ነው። እኔ እየከሳሁ እሷ ትወፍራለች። የትም ቢሆን አንድ የተደበቀ ነገር አለ አልኩና የዱቄቱን ማሰሮ፣ የአልጋውን ሥር፣ የዶሮዎቹን ቤት ፈተሽኩ። ስላጣሁ ልከሳት ወደ ዶኛ ክሎቲልዴ ሄድኩ። ዶኛ ክሎቲልዴ የወሽመጡ አዋላጅ ነች፤ እኔን ክርስትና ስላነሳች ከእናቴ ጋር አበልጆች ናቸው።

«ምነው ፊትሽን ያልበሰለ ፖም አስመሰልሽው?»

«እናቴ ተደብቃ ትበላለች።»

«ምን ትበላለች?»

«አላውቅም። ግን ሆዷን አላየሽውም?»

የምትልጠው ድንች ከእጇ አመለጠ። ጎኗን ይዛ እስክታለቅስ ሳቀች። «አየሁት እንጂ፣ ከሩቅም ይታያል» አለች። ከዚያ ሳቁ የት እንደገባ እንጃ፤ ዓይኗን በሽርጧ ጠረገችና፣ «ተያት ልጄ። ዘንድሮ ትብላ» አለችኝ።

«ማገዶውስ? ክምሩ ደርቆ...»

«እሱን ደግሞ ለሰው እንዳታወሪ። ማገዶው ለምን አልተከፈተም ቢሉሽ ምን ትያለሽ?»

«አባቴ መንገድ ላይ ነው።»

«ጎሽ። ሌላ ምን ትያለሽ?»

«ሌላ ምን አለ?»

«ጎሽ» አለች እንደገና፣ ትኩስ ድንችም በእጄ አስያዘችኝ።

አጎቴ ኢላሪዮ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ በየእሑዱ ይመጣ ጀመር። ዓሣ ይዞ ይመጣል። ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ክምሩ ዘንድ ይሄድና በጣቱ አጥንት ፍልጡን ያንኳኳል፣ በር እንደሚያንኳኳ ሰው።

«ኦርፌሊና፣ ይኼ እንጨት እየጮኸ ነው። ክፈቱኝ ይላል።»

«ባለቤቱን ነው የሚጠራው» ትላለች እናቴ።

«ጭስሽን ከእኛ ዳገት ሳየው ቤቱ የተቃጠለ ይመስለኛል።»

«ታዲያ በባልዲ ውሃ ይዘህ ና። ዓሣ ብቻ ለእሳት አይሆንም።»

ይስቃል። ጢሙን ያሻል። «አርሴንዮ ዘንድሮ ቆየሳ።»

«ጌታው እርሻ ላይ አቆይቶት ይሆናል።»

«ሳንቶስ ምን አለሽ?»

«ሳንቶስ ሲጠጣ ነው የሚያወራው። ሳይጠጣ ነበር የመጣው።»

አጎቴ እኔን ወደ ጉልበቱ ስቦ፣ «አንቺስ ዶሚ፣ ምን ትያለሽ?» ይለኛል።

«አባቴ መንገድ ላይ ነው።» ፈረሱን ለመናገር ምላሴ ጫፍ ድረስ ይመጣል፤ እውጠዋለሁ።

ሰዎች ስለ ኢላሪዮ ክፉ ሲያወሩ እሰማለሁ። እኔ ለማንም ብዬ የምዋሽ ሴት አይደለሁም፤ ክፉ አልነበረም። ዳገቱ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ከነልጆቹ ታጭቆ ይኖር ነበር፤ መሬቱ ድንጋይ ነው። የእኛ ቤት የሁለቱ ወንድማማቾች አባት የሠራው፣ ባሕር ዳር የቆመ፣ የድንች መሬት ያለው ቤት ነው። ሰው ቤት ይመኛል። ወንድሙንም ይወድ ነበር። ሁለቱ ነገር አንድ ሆድ ውስጥ አይገባም የሚል ሰው ሆድ የሌለው ነው።

ሰኔ ላይ ምጡ መጣ፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ በሚወርድበት ቀን። ዶኛ ክሎቲልዴ ባሕሩ ሸሽቶ መንገዱ ተገልጦ ሳለ ሁለት እቅፍ ደረቅ እንጨት በፖንቾዋ ሥር ሸሽጋ ደረሰች። ባሕሩ ሲመለስ መንገዱን ዋጠው፤ ከማዶ ሰው የሚመጣበት ጠፋ። ወደ እኛ የሚያመጣው መንገድ ያ አሸዋ ብቻ ነው።

ሁለቱ እቅፍ አለቀ። ምጡ አላለቀም። አድረው ነጋ፤ ባሕሩ በጨለማ ሸሽቶ ጠዋት ተመልሶ ነበር። አግዳሚ ወንበሩን ፈልጠን አነደድን። የአሳማውን ገንዳ አነደድን። ቀጥሎ የእናቴን የልብስ ሳጥን ክዳን። የቀረው ከባሕር የለቀምነው ነው፤ ያ ደግሞ ምድጃው ውስጥ ገብቶ ያለቅሳል፣ ጫፉ ላይ አረፋ ይደፍቃል እንጂ አይነድም። ቤቱ ጭስ ብቻ ሆነ። ሲተነፍሱ ትንፋሻቸው ይታየኛል። ድስቱ ላይ ያለው ውሃ ለብ እንኳ አላለም።

ዶኛ ክሎቲልዴ ከመጋረጃው ወዲያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አበልጄ፣ ጊዜው ሳይደርስ ነው የሚመጣው፤ ትንሽ ነው። በዚህ ብርድ ከወጣ አንድ ትንፋሽ አይተነፍስም» አለች።

እናቴ ፊቷን ክምሩ ወዳለበት ግድግዳ አዞረች።

«ከጎን በኩል ሦስት አራት ፍልጥ ልስረቅ። ከላይ እርጥቡን እጭንበታለሁ፣ ጭሱ እንደጠቆረ ይቆያል።»

«እርጥቡን ከጫንሽበት ሙቀቱ የት አለ? ለጭሱ ብዬ ልጄን ልግደል?»

«ኦርፌሊና፣ ቤቱ...»

«ቤቱን አውቀዋለሁ።» ከዚያ ምጥ መጥቶ አቋረጣት፤ ሲለቃት ስሜን ጠራች። «ዶሚቲላ። ከክርስትና እናትሽ ጋር ውጪና የክምሩን አፍ ክፈቱ።»

ክምሩ የሚከፈተው መቼ እንደሆነ ጠንቅቄ አውቃለሁ። በሩን ከፍቼ ባሕሩ ወደዋጠው መንገድ አየሁ፤ ወንዝ የተሻገረ ፈረስ ይህ አያቅተውም። ምንም አይታይም፣ ጉም ብቻ። «መጣ እንዴ?» አልኩ። ዶኛ ክሎቲልዴ መጥረቢያውን አንስታ ቀድማኝ ወጣች። መቼም አዋቂ ሲያስደንቅ እንዲህ ነው፣ ጥግ ይዞ ይቆያል።

ዶኛ ክሎቲልዴ በመጥረቢያው ጀርባ ግንዱን መታችው። እኔ ተንጠለጠልኩበት። ለቀቀ። ከውስጥ የወጣው ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ ነው፤ የበጋ ሽታ፣ ፀሐይ የመታው አቧራ፣ የደረቀ ፖም። ፍልጡ ቀሎ ነበር። መስከረም ላይ አንዱን በሁለት እጅ ያቀበልኩት፣ አሁን አምስቱን ታቅፌ ሮጥኩ።

እሳቱ ያዘ። አልጨሰም፣ አላለቀሰም፤ አንዴ ጮኸና ያዘ። የምድጃው ብረት ቀላ። የመስኮቱ መስታወት ላብ አወጣ። እኔ ሹራቤን አወለቅሁና ምድጃው ፊት ቁጭ አልኩ። ከወራት በኋላ ጣቶቼ ተሰሙኝ።

ልጁ የመጣው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው፤ ወንድ፣ ሰማያዊ፣ እንደ ተላጠ ጥንቸል ትንሽ። ዶኛ ክሎቲልዴ ምድጃው አፍ ላይ ይዛ አሸችው፣ አሸችው። ሙቀቱ ሲገባው ቀላ፣ ከዚያ በምድር ላይ ያለውን ሁሉ የተቆጣ መስሎ ጮኸ። ድምፁ ግን ከቤቱ አላለፈም፤ ወሽመጡ ሰፊ ነው። ወሽመጡን የተሻገረው ጭሱ ነበር።

ባሕሩ እንደሸሸ ሰዉ መጣ። የእሑድ ልብሱን ለብሶ፣ የጠጅ ጋኑን በበሬ ሸርተቴ ጭኖ፣ አኮርዲዮን ሳይቀር። ከፊት ፊታቸው አጎቴ ኢላሪዮ እየሮጠ ነበር። እጆቹን ዘርግቶ፣ «የት አለ ይኼ ሌባ፣ የት አለ» እያለ ነው በሩን የከፈተው። ወንድሙን ሊያቅፍ። ይህንን በዓይኔ ስላየሁ ነው ክፉ አልነበረም የምለው።

የት አለ? እኔም እሱን ነው የምጠብቀው። ከሰዉ መሐል እየተሽሎከሎክሁ ፈለግሁት። ኋላ የቆመው ሳንቶስ ቀስ ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ። አኮርዲዮን የያዘው ሰውዬ አኮርዲዮኑን ከበስተኋላው ደበቀ። አጎቴ አልጋው ላይ ያለውን አየ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፖንቾ አየ፣ ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠ። ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። ከደስታ መሰለኝ፤ ወንድ ልጅ ተወልዶ የለ።

ብዙ ከቆየ በኋላ ፊቱን ጠረገና ቀና አለ። የቤቱን ጣሪያ፣ ማዕዘኑን፣ መስኮቱን በዓይኑ ዞረ። ልጆቹ በሩ ላይ ቆመዋል። ቀስ ብሎ ጠየቀ።

«ጭሱን ሁላችንም አየነው። ልጁስ? ከጭሱ በፊት ነው የመጣ ወይስ በኋላ?»

«በፊት» አለች ዶኛ ክሎቲልዴ፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

ማንም አላመናት፣ ማንም ግን «ውሸት ነው» አላለም። ሁሉም አፉን ለመዝጋት ዝግጁ ነበር።

ኢላሪዮም ያንን አየ። «እንግዲያው እጅሽን ልጁ ራስ ላይ አድርጊና በይው። ከማልሽ አንድ ቃል አልጨምርም፤ ጠጄን ጠጥቼ እሄዳለሁ።»

ዶኛ ክሎቲልዴ እጇን አነሳች። መዳፏ ከልጁ ራስ ይበልጥ ነበር።

«ተዪው አበልጄ» አለች እናቴ ከአልጋው።

«አንቺ ተኚ። አንድ ቃል ናት።»

«እጅሽን ከልጄ ላይ አንሺ። ሕይወቱን አሁን ነው ያገኘው፤ የሐሰት መሐላ አልጭንበትም።» ከዚያ ወደ ኢላሪዮ ዞረች። «ጭሱ ነው የቀደመው። ቤቱ ያንተ ነው። አሁን በሩን ዝጋ፣ ብርድ እያስገባህብን ነው።»

ወንድሜ ቴኦፊሎ ዛሬ ሽማግሌ ነው፤ ሆዱ ወጥቶ፣ ጥርሱ አልቆ። ያ ቤት በተነሳ ቁጥር፣ «ምናለ እናታችን አንድ ቃል ብትዋሽ?» ይለኛል። «ያቺ አንድ ቃል ባንተ ራስ ላይ ነበረች» እለዋለሁ። ከዚያ ስለ ጉልበት ሕመሙ ያወራል።

የሐዘኑ ጸሎት ዘጠኝ ቀን ነው፤ እስከዚያ ድረስ ቤቱ የእኛ ነበር። በዘጠኙ ቀን ውስጥ እናቴ ክምሩን በሙሉ አነደደችው። የክረምት ማገዶ ነው እኮ። በሦስተኛው ቀን ከአልጋ ተነሳችና ራሷ ታቅፋ ታስገባ ጀመር። ምድጃው አልበርድ አለ። ለጸሎት የመጡት ሴቶች ጥቁር ሻላቸውን እያወለቁ፣ በላብ ተጠምቀው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። «ኦርፌሊና፣ ይብቃ፣ ልንቀልጥ ነው» ሲሏት፣ «በሩ ክፍት ነው» ትላለች። አጎቴ በአራተኛው ቀን መጥቶ ይህን አየ። የሚከለክላት መስሎኝ ነበር። እሱ ግን እጅጌውን ሰብስቦ ወደ ክምሩ ሄደ፣ እቅፉን ሞልቶ መጥቶ ምድጃው አጠገብ አወረደ፣ ፍልጦቹን አንድ በአንድ ቅርፊታቸውን ወደ ላይ አድርጎ ደረደራቸው። ከዚያ በየቀኑ እንዲሁ አደረገ። ከእናቴ ጋር ቃል አልተነጋገሩም።

በጸሎቱ መሐል የአባቴን ስም ይጠራሉ። መንገድ ላይ ላለ ሰውም ስም እየጠሩ ይጸልያሉና ለመንገዱ የሚጸልዩለት መሰለኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ከሁሉም በላይ አሜን እል ነበር። ሴቶቹ አንገታቸውን ይደፋሉ። እኔን ለማየት ያፈሩ መሰለኝ፣ ጸሎት ስላበለጥኳቸው።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት ጀልባ መጣ፣ ከእናቴ አባት ወገን የተላከ። ክምሩ በነበረበት ቦታ የተጨፈለቀ ቢጫ ሣርና የአይጥ ጎጆ ብቻ ቀርቷል። እናቴ ልጁን በፖንቾው ጠቅልላ ከፊት ተቀመጠች፣ እኔ ከፊት ለፊቷ። ከምድጃው የወጣው የመጨረሻ ጭስ ሲሳሳ ከባሕሩ ላይ ሆነን ይታየናል። አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ዘጠኝ ቀን ያላሰብኩት ነገር።

«እማዬ፣ ማገዶውን ጨረስነው።»

«ጨረስነው።»

«አባዬ ሲመጣ በምን ይሞቃል?»

ቀዛፊው መቅዘፉን አቆመ። እናቴ ባሕሩን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። የልጁን ፊት በፖንቾው ጫፍ ሸፈነችው።

«እሱ አይበርደውም» አለችኝ።

አባቴ ጎበዝ ነው ለካ፣ ብርድ አይፈራም አልኩ። ማዶ እስክንደርስ ደረቴን ነፍቼ፣ ቀዛፊውን ሽቅብ እያየሁ፣ በኩራት ተቀመጥኩ።